ሽበት ካርድ አይጠየቅም

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ ሐዋሳ ውስጥ ካለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በዋናው በር በኩል ተወሰደች። የወሰዳት ሰው ዘመዷ አልነበረም። ሰውየው እኔ ነኝ።

ይህን ያህሉ የተረጋገጠ ነው። የቀረውን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለራሴ ጥቂት ልበል። ዕድሜዬን በሙሉ ዜና ስሠራ ነው የኖርኩት። ጎርፍ አይቻለሁ፣ ገበያ ሲቃጠል አይቻለሁ፣ ሁለት ባለሥልጣናት በአንድ ማይክሮፎን ሲጣሉ አይቻለሁ። እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ባልደረቦቼ «አንተ ሰማይ ቢወድቅብህ በስንት ሰዓት እንደወደቀ ነው የምትጠይቀው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አንድን ወሬ ከሁለት ሰው ካልሰማሁ አልጽፍም። ባለቤቴ ምሳ ደርሷል ስትለኝ እንኳ ወጥ ቤት ገብቼ አይቼ ነው የምቀመጠው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ዲላ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ጥሩነሽ ረቡዕ ዕለት ደወለችልኝ። ልጇ ኤልዳና ዩኒቨርሲቲው በክረምት ለሕፃናት ባዘጋጀው የሳይንስ ሥልጠና ገብታለች። ልጆቹ ከየከተማው መጥተው ለሦስት ሳምንት እዚያው ግቢ ያድራሉ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤተሰብ ወይም የቤተሰብ ተወካይ ይወስዳቸዋል፣ እሑድ አመሻሽ ላይ ይመልሳቸዋል። የኤልዳና ተወካይ እኔ ነኝ።

«ጋሽዬ፣ አደራህን» አለችኝ ጥሩነሽ። «ቅዳሜ ሄደህ አውጣልኝ። ምሳ አብላት፣ ሐይቁን አሳያት። እንቁላል ብቻ እንዳታቀምሳት፤ ፊቷ እንደ ዳቦ ነው የሚነፋው።»

«እሺ፣ አታስቢ።»

«ታውቃታለህ አይደል?»

«እንዴት አላውቃትም!»

እዚህ ላይ ማረሚያ አለኝ። አላውቃትም ነበር። ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ክርስትና የተነሣች ዕለት ነው። ያኔም ተጠቅልላ ስለነበር ከአፍንጫዋ በቀር ያየሁት የለም። ነገር ግን የአክስት ልጅ «ልጄን ታውቃታለህ?» ስትል «አላውቃትም» ብሎ የሚመልስ ሰው እስካሁን አልተወለደም፤ ቢወለድም ሲሞት ቀባሪ አያገኝም። ፎቶዋን ላኪልኝ ማለትም ያው አላውቃትም ማለት ነው።

ደግሞ ሌላ የማፍርበት ነገር አለ። ሥልጠናው ሲከፈት ስለ ልጆቹ ደህንነት ዘገባ የሠራሁት እኔው ነኝ። አስተባባሪዋ መምህርት ፅጌ የምትባል ወጣት ናት። ለእያንዳንዱ ልጅ ወሳጁ የሚይዘው ካርድ እንዳለ፣ ካርዱ ላይ የልጁም የወሳጁም ስም እንደተጻፈ፣ ካርድ ያልያዘ ሰው አባትም ሆነ እናት ልጅ ይዞ እንደማይወጣ በዝርዝር አስረዳችኝ። ልጆቹንም የመጀመሪያው ቀን ሰብስበው ይህንኑ አስተምረዋቸዋል። ስለዚህ እኔ በጽሑፌ መጨረሻ ላይ «በዚህ በር ዝንብ እንኳ ያለ ካርድ አትወጣም» አልኩ። ስለ ዝንቧ ሁለተኛ ሰው አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ስደርስ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። ከፊቴ አንድ ጢማም ወጣት ታናሽ እህቱን ሊወስድ ቆሟል። ጥበቃው ታደሰ የወጣቱን ካርድ አየ፣ መታወቂያውን አየ፣ ፊቱን አየ፣ ተመልሶ መታወቂያውን አየ።

«እዚህ ላይ ጢም የለህም።»

«አሁን ነው ያበቀልኩት።»

«መቼ?»

«እኔ እንጃ፣ ጢም ቀን አለው እንዴ?»

ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «ወንድሜ ነው! ወንድሜ ነው!» ትላለች። «ዝም በይ፣ አንቺን አልጠየቅኩም» አላት ታደሰ። ወጣቱን አስፈረመው፣ ስልኩን መዘገበ፣ ስልኩ መሥራቱን ራሱ ደውሎ አረጋገጠ፣ ከዚያ በኋላ ለቀቀው። በሆዴ «ጎሽ!» አልኩ።

ተራዬ ደረሰ። ጥሩነሽ የላከችልኝን ካርድ ፍለጋ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ታደሰ ቀና ብሎ አየኝ። ጸጉሬ አንድም ጥቁር የለውም። ታደሰ ብድግ ብሎ ቆቡን አነሣ።

«ኧረ ጋሼ! ተሰልፈው ነው እንዴ? ምነው ቢነግሩኝ!»

«የለም፣ ካርዱን ላውጣልህ...»

«ይተዉት በሞቴ! እርስዎን ካርድ ልጠይቅ? ምን ነክቶኝ? እኔም እኮ አሳዳጊ አለኝ።»

«ደንቡ ግን...»

«ደንቡ ለእነዚህ ነው» አለና ከኋላዬ የተሰለፉትን ወጣቶች በአገጩ አሳየኝ። «የቷ ናት የእርስዎ?»

ከበሩ አለፍ ብሎ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ልጆች ተደርድረዋል። ሁሉም ቢጫ ካናቴራ ለብሰዋል፣ ሁሉም ቢጫ ቆብ ደፍተዋል። ከአደይ አበባ መስክ መካከል «ያንተዋ የትኛዋ ናት?» እንደመባል ነው።

«አላውቃትም» ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ሰውየው ለእኔ ብሎ ደንብ ሽሯል። ደንብ በተሻረልኝ አፍታ የገዛ ዘመዴን አላውቅም ብዬ እንዴት እቆማለሁ? ስለዚህ በሙያዬ ተጠቀምኩ። ከዳር ሁለተኛዋ ልጅ ሰፊ ግንባር አላት። የአክስቴ ቤት ሰዎች ግንባራቸው ሰፊ ነው። ይህ አንድ ማስረጃ። ሁለተኛውን ስፈልግ ልጅቷ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ። ሁለት ሞላ። በአገጬ «ያቻትና» አልኩ።

«አንቺ! ነይ፣ አባባ መጥተውልሻል!» ብሎ ጠራት።

መጣች። ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሰጠችኝ፣ ሳምኳት።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ትምህርትስ?»

«ጥሩ ነው።»

«ጎበዝ ነሽ አሉ?»

«አዎ።»

«አድገሻል እኮ!»

«አዎ።»

ሚኒስትር ጠይቄ አውቃለሁ፣ ወንጀለኛ ጠይቄ አውቃለሁ። እዚያ በር ላይ አምስት ጥያቄ ጠይቄ አምስት መልስ አገኘሁ፤ አምስቱም አገር ውስጥ ላለች ለማንኛዋም ልጅ ይሆናሉ። ስሟን አልጠየቅኩም። ዘመድ ስሙ ይጠየቃል? ታደሰም መዝገቡን ከደነና «ኋላ እሞላዋለሁ ጋሼ፣ እርስዎ ፀሐይ እንዳይመታዎት» ብሎ እስከ ባጃጁ ሸኘን።

ባለባጃጁ በመስታወቱ አየንና «የልጅ ልጅዎ ናት? ቁርጥ እርስዎን!» አለ። ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት ስንገባ አስተናጋጇም «አፍንጫዋ አንድ ዓይነት ነው፣ ያሳድግልዎ!» አለችኝ። ከአጥሩ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ ቆመው መረቁን። እንግዲህ ቁጠሩልኝ፤ ሦስት የማይተዋወቁ ምንጮች። በዚህ ማስረጃ ስንቱን ዜና አውጥቻለሁ!

«ምን ትበያለሽ?»

«እርስዎ ያዘዙትን።»

የተጠበሰ ዓሣ አዘዝኩ። ሲመጣ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና በራሷ ቃል ረጅም ጸሎት ጸለየች፤ ለእናቷ፣ ለአስተማሪዋ፣ ለዓሣ አጥማጁ፣ ለእኔም ጭምር። የአክስቴ ቤት ሰዎች አማትበው ነው እጃቸውን ወደ ማዕድ የሚዘረጉት። ይህን አስተዋልኩ። አስተውዬም «የዛሬ ልጆች ሥልጠና ላይ የማይማሩት ነገር የለም» ብዬ አለፍኩት።

የጎን ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ልጅ እንቁላል በቲማቲም መጣለት። የእኔዋ ዓይኗ ተከተለው።

«እንቁላል እወዳለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«ተይ ልጄ፣ አንቺን እኮ ያምምሻል።»

«እኔን? እኛ ቤት ዶሮ አለ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ነው የምበላው።»

«ዲላ?»

«ቱላ።»

እጄ ላይ የነበረው ጉርሻ ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

«ስምሽ ማነው፣ የኔ ልጅ?»

«ምሕረት።»

«ኤልዳና አይደለሽም?»

«ኤልዳና ከጎኔ የነበረችው ናት።»

«ታዲያ ለምን ከእኔ ጋር መጣሽ?»

«ጥበቃው ነይ አሉኝ።»

«ባጃጅ ውስጥ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም ተብያለሁ።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ደግሞ እናቴ የላከችዎት መስሎኝ ነው። ስለ እሷ ጠየቁኝ እኮ።»

ሰማይ ወደቀብኝ፤ ሰዓቴን አየሁ። የማላውቀውን ሰው ልጅ በጠራራ ፀሐይ፣ በጥበቃ ታጅቤ፣ ግማሽ ከተማ አቋርጬ አምጥቻለሁ፤ ያገኘኝ ሁሉ መርቆኛል። እኔ ሌላ ዓይነት ሰው ብሆን ኖሮስ?  ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን ከዚያም ይከብዳል፤ የዚህች ልጅ እናት በዚህ ሰዓት የት ነው ያለችው?

ካርዱ ላይ ባለው የአስተባባሪዋ ቁጥር ደወልኩ፤ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ስልኩን ሳስቀምጥ ራሱ ጮኸ። ጥሩነሽ ነበረች።

«ጋሽዬ፣ የት ደረስክ? ኤልዱ በአስተማሪዋ ስልክ ደውላ እስካሁን አልመጡም ትለኛለች!»

«መንገድ ላይ ነኝ» አልኩ።

ሳላጣራ፣ ብሎም እያወቅኩ፣ የመጀመሪያውን ሐሰተኛ ወሬ አሠራጨሁ። ለማመካኘት ያህል፣ ከተማው ውስጥ በስልክ የሚገኝ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው።

ምሕረት የተረፈውን ዓሣ «ይጣላል እንዴ?» ስላለች በወረቀት አስጠቀለልንና ባጃጅ ውስጥ ገባን። ባለባጃጁን ፍጠን አልኩት። «አይዞዎት አባባ፣ ልጅ ይዘው ማን ያስቸኩልዎታል?» ብሎ ይባስ ቀስ አለ።

ግቢው በር ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል። አንድ ፖሊስ ማስታወሻውን ዘርግቶ ይጽፋል፣ ታደሰ በላብ ተጠምቆ ይናገራል።

«የወሰዳት ወጣት ነው። ረዘም ያለ። ጢም አለው። ስጠይቀውም አመናጭቆኛል።»

ከፖሊሱ አጠገብ ያ ከፊቴ የነበረው ጢማም ወጣት ቆሟል። ስሙና ስልኩ መዝገብ ላይ በትክክል የሰፈረው የእሱ ብቻ ስለነበር ደውለው ከምሳ ላይ አስነሥተውታል። እህቱ አሁንም አንገቱ ላይ ናት። «ወንድሜ ነው!» ትላለች።

ከባጃጁ ስንወርድ መጀመሪያ ያየን ታደሰ ነው።

«ተገኘች! ተገኘች! ጋሼ አገኟት!»

እልልታው ቀለጠ። ሴቶች እጄን ሳሙ። ፖሊሱ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጠኝ።

«አባት፣ ከማን እጅ ነው ያስጣሏት? ሰውየው ወዴት ሮጠ?»

«አልሮጠም። እኔ ነኝ የወሰድኳት።»

«ደንግጠው ነው፣ ውኃ ስጧቸው» አለ አንዱ።

«አልደነገጥኩም። ማለቴ ደንግጫለሁ። ግን የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ በዚህ በር።»

«አየህ የድሮ ሰው? ሌባውን እንኳ ሊሸፍኑለት ነው!» አለ ሌላው በአድናቆት።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ሰዉን በክንዷ እየገፋች መጣች። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። የምሕረት እናት ናት። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐዋሳ ዳር ካለችው ከቱላ መጥታ ልጇ የተቀመጠችበትን ቦታ ባዶ አግኝታዋለች። ምሕረትን ያዘቻት፤ ጭንቅላቷን ዳበሰች፣ ክንዶቿን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ የጆሮዋን ጀርባ ሳይቀር አየች። በሲዳሙ አፎ የምትለውን አልሰማሁትም፤ አስተርጓሚም አላስፈለገኝም። ከዚያ በአማርኛ፣ ሁሉ እንዲሰማ፣ ጠየቀች።

«ማነው የወሰደሽ?»

ምሕረት በጣቷ አሳየችኝ። «አባባ ናቸው። ዓሣ አበሉኝ።»

እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ። እናትየዋ ዞረችልኝ።

«አንተ!» አለችኝ። «ስሟን ጠይቀሃል? የሰው ልጅ ይዘህ ስትሄድ ስሟን እንኳ ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅኩም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁንም ሳስበው እደነግጣለሁ። ሕዝቡ ተቆጣ። በእኔ መስሏችኋል? በእሷ ላይ ነው እንጂ!

«ኧረ ነውር ነው! ትልቅ ሰው አንተ ይባላል?»

«እናት ናት፣ ተቃጥላ ነው፣ ጋሼ ይቅር ይበሏት።»

«እኅቴ፣ ሽበታቸውን አታይም?» አለ ታደሰ።

«ሽበቱን አይቼ ልጄን ልተው?» አለች።

ከስድስት ሰዓት ከአሥር ጀምሮ ሥራውን በትክክል የሠራ ሰው ያገኘሁት ያኔ ነው። «ልክ ናት፣ ማንም እንዳይናገራት» አልኩ። ፖሊሱን «ጻፍ» አልኩት። «አባት፣ የእርስዎን ስም እንዲህ ካለ ነገር ጋር እንዴት አድርጌ?» ብሎ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። እኔ አወጣሁትና ቃሌን በራሴ እጅ ጽፌ ፈረምኩ። ጢማሙን ወጣት ይቅርታ ጠየቅኩት። «ችግር የለም ጋሼ» አለኝ፤ እሱም!

መምህርት ፅጌ ይህን ሁሉ አግዳሚውን ተደግፋ ታያለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ሁሉን አስበን ነበር» አለችኝ። «ሌባ አስበናል፣ ሰካራም አስበናል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት አስበናል።» ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎን አላሰብንም።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ የቀረች አንዲት ቢጫ ቆብ ብቻ ነበረች። ግንባሯ ጠባብ ነው። ጎንበስ ብዬ ልስማት ስል ወደ ኋላ ሸሸች።

«ካርድ።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ካርድዎን ያሳዩኝ።»

«ኤልዳና! ጋሼን እኮ ነው!» ብሎ ታደሰ ከኋላዬ ጮኸ።

«ዝም በል ታደሰ» አልኩ። ካርዱን ሰጠኋት። በጣቷ እየተከተለች ስሟን አነበበች፣ ስሜን አነበበች። «መታወቂያ» አለች። ሰጠኋት። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች።

«እዚህ ላይ ሽበት የለዎትም።»

«አሁን ነው ያበቀልኩት።»

«መቼ?»

«ዛሬ ሳይሆን አይቀርም።»

አልሳቀችም። የመምህርት ፅጌን ስልክ ተቀብላ እናቷ ዘንድ ደወለች፣ ግንባሬን፣ ጸጉሬንና የኮቴን ቀለም ዘረዘረች፣ መልሱን ሰማች፣ «እሺ» ብላ ቦርሳዋን አነሣች። ስንሄድ «ነጭ ጸጉር ያላቸው አባባ ናቸው የወሰዷት ብዬ ለፖሊሱ ነግሬው ነበር» አለችኝ። «ልጅ ትልቅ ሰው አይወነጅልም አሉኝ።»

ምሕረት እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና፣ የወረቀት ጥቅሏን ይዛ፣ ይህን ሁሉ ዓይኗን ሳትነቅል ስታይ ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ እዚያ አልነበርኩም። የሚከተለውን ከታደሰና ከመምህርት ፅጌ ለየብቻ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የምሕረት እናት ከቱላ የደረሰችው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሁሉም ቀድማ ነው። ስትቸኩል ካርዱን ቤት ረስታዋለች። ታደሰ «አንቺንማ ማን ይረሳሻል፣ ግቢ» አላት። ምሕረት ከአግዳሚው አልተነሣችም።

«ካርድሽስ?» አለቻት።

«እናትሽ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

እናትየዋ ባጃጅ ይዛ ወደ ቱላ ተመለሰች። ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ካርዱን ይዛ መጣች፤ ምሕረት አነበበችው፣ ሁለቱም ወጡ።